ከግድግዳ እስከ 15 ሜትር፦ የውኃ ውስጥ ዶልፊን ኪክን ደረጃ በደረጃ ማሻሻል

በድሬዳዋ አብረውኝ ከሚለማመዱት ወጣቶች ብዙዎቹ ቢራቢሮ ቀዘፋን ሳይቸገሩ ይዋኛሉ። ግድግዳ ገፍተው ከውኃ በታች በዶልፊን ኪክ (ሁለቱን እግር አጋጥሞ እንደ ዶልፊን ጅራት ወደ ላይና ወደ ታች መምታት) መሄድ ሲጀምሩ ግን ጉልበታቸውን አጥፈው ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ይመታሉ፤ በአራተኛው ምት ላይ ፍጥነታቸው ያልቅና እንደ ቡሽ ብቅ ይላሉ። ይህ ሲደጋገምባቸው የሚወስዱት መፍትሔ ይበልጥ አጥብቆ መምታት ነው፤ ውጤቱም ይብስባቸዋል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነሱና እንደ እነሱ መስመር በሌለው አጭር የሆቴል ገንዳ ውስጥ ለውድድር ለሚዘጋጁ ዋናተኞችና አሰልጣኞች ነው።

ከመነሻው አንድ ነገር መጨበጥ ያስፈልጋል። ዋናተኛ ግድግዳውን ገፍቶ በሚወጣበት ቅጽበት ያለው ፍጥነት በውኃ ላይ እየቀዘፈ ከሚደርስበት ፍጥነት ይበልጣል። ይህን ፍጥነት የሚፈጥረው ግድግዳው ነው፤ የዶልፊን ኪክ ሥራ ፍጥነቱ ቶሎ እንዳይሞት መያዝ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች መጀመሪያ ቅርጽ፣ ቀጥሎ ምት፣ በመጨረሻ ብዛት በሚል ተደርድረዋል። ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰው ሳምንታት ለፍቶ ወደ ጀመረበት ይመለሳል።

የውድድር ደንቡንም በአጭሩ ያስታውሱ። በነጻ ቀዘፋ፣ በጀርባ ቀዘፋና በቢራቢሮ ከመነሻውና ከእያንዳንዱ ዙር (ግድግዳ ላይ ዞሮ መመለስ) በኋላ ጭንቅላትዎ ቢበዛ 15 ሜትር ላይ ከውኃው በላይ መውጣት አለበት። በደረት ቀዘፋ የሚፈቀደው ከመነሻውና ከየዙሩ በኋላ አንድ ዶልፊን ምት ብቻ ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት፦ ደኅንነት

ይህን ክፍል ሳያነቡ ወደ ውኃ አይግቡ። ትንፋሽ እንድንስብ በዋናነት የሚያስገድደን በደማችን ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከመጥለቁ በፊት በፍጥነት ደጋግሞ የሚተነፍስ ሰው ይህን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያራግፋል፤ ኦክሲጅኑን ግን እምብዛም አይጨምርም። በዚህ ምክንያት የመተንፈስ ፍላጎቱ ሳይቀሰቀስ ኦክሲጅኑ ያልቅና፣ ምንም ሳይታወቀው ከውኃ በታች ራሱን ይስታል።

ከዓመታት በፊት አንድ ጎረምሳ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ከጓደኛው ጋር በርቀት ሲወራረድ፣ ግድግዳው ሊደርስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው እጁ ላልቶ ሲወርድ አይቻለሁ። አልተንፈራገጠም፣ እርዳታም አልጠየቀም፤ ከላይ ለሚያየው ሰው ዘና ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ቶሎ ስላወጣነው ትንፋሹ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ባለሁበት ገንዳ ማንም በትንፋሽ ርቀት አይወዳደርም። ስለዚህ፦

1. ብቻዎን ፈጽሞ አይለማመዱ። በገንዳው ዳር የቆመ፣ መዋኘት የሚችልና ዓይኑን ከእርስዎ ላይ የማያነሳ ሰው ይኑር። ስልክ የሚነካካ ሰው እንደ ጠባቂ አይቆጠርም።
2. ከመጥለቅዎ በፊት በዝግታ ተንፍሰው አንድ ሙሉ ትንፋሽ ብቻ ይሳቡ። በፍጥነት ደጋግመው አይተንፍሱ።
3. በልምምድም ቢሆን ከ15 ሜትር አይለፉ። በየድግግሞሹ መካከል ትንፋሽዎ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ ይረፉ።
4. ማዞር፣ የዓይን መደንዘዝ ወይም የጣት መንዘር ከተሰማዎት የዕለቱን የውኃ ውስጥ ሥራ ያቁሙ።
5. ጫት ቅመው ወደ ገንዳ አይምጡ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ድካምንም ይደብቃል።

አንድ ሰው ከውኃ በታች እንቅስቃሴው ከቆመ አይጠብቁ፤ ፊቱን ወዲያው ከውኃው በላይ አውጥተው ወደ ዳር ያውጡት፣ ሰው ጠርተው እርዳታ ያስጠሩ። የማይተነፍስ ከሆነ አፍ ለአፍ ትንፋሽ በመስጠት ይጀምሩ፤ ቀጥለው የደረት ግፊቱን ከትንፋሹ ጋር እያፈራረቁ ይስጡ። ውኃ ይወጣል ብለው ሆዱን አይጫኑ። ይህን ሁሉ ከማንበብ ይልቅ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስዶ በእጅ መለማመድ ይሻላል፤ በተለይ አሰልጣኝ የሆነ ሰው ያለ እሱ ልጆችን ወደ ውኃ ማስገባት የለበትም።

## ገንዳውንና ዕቃውን ማዘጋጀት

የሆቴል ገንዳ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ አንዱ ጫፉም ጥልቀት የለውም። ወደዚህ ዓይነቱ ገንዳ በጭንቅላትዎ አይዝለሉ። መነሻ ብሎክ (የሚዘለልበት ከፍ ያለ መቆሚያ) ላለው የውድድር ገንዳ ዓለም አቀፉ ደንብ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.35 ሜትር ነው፤ እሱም የመነሻ ዝላይን በሚገባ ለተማረ ዋናተኛ የታሰበ ነው። በዚህ መመሪያ ያለው ሥራ ሁሉ ከውኃው ውስጥ ግድግዳ ገፍቶ የሚጀመር ስለሆነ ዝላይ አያስፈልግዎትም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ የግንበኛ ሜትር፣ የዋና መነጽር፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ የብረት ማንኪያና አራት ነጠላ ጫማዎች። ከሚገፉበት ግድግዳ ጀምረው ይለኩና በገንዳው ዳር 5፣ 10 እና 15 ሜትር ላይ አንዳንድ ጫማ ያስቀምጡ፤ አራተኛው የሚወጡበትን ቦታ ለማመልከት ይቆይ። የወለሉ ሴራሚክ አንድ ወጥ ከሆነ አንድ ጊዜ ሜትር አስቀምጠው ስንት ሴራሚክ እንደሆነ ይቁጠሩና በደብተርዎ ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ መለኪያ መያዝ አያስፈልግዎትም።

በድሬዳዋ ልምምዱን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሱ። ከዚያ በኋላ የገንዳው ዳር እግር ያቃጥላል፤ የሞቀ ውኃ ውስጥ በኃይል የሚሠራ ሰውም ላብ መውጣቱ ሳይታወቀው ይዳከማል። የሚጠጣ ውኃ ዳር ላይ ያስቀምጡ። በሐረር የሚለማመዱ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ደንገጎን ወጥቶ ወደ ሐረር የሄደ የድሬዳዋ ዋናተኛ የለመደውን የዕረፍት ጊዜ ማስረዘም፣ የምቱንም ብዛት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀነስ ይኖርበታል።

## ደረጃ 1፦ አሁን ያሉበትን ይለኩ

ምንም ከማረምዎ በፊት ሦስት ቁጥሮችን በደብተርዎ ያስፍሩ።

1. ግድግዳ ገፍተው እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው ያለ ምንም ምት ይንሸራተቱ። ሰውነትዎ ሊቆም ሲል ጭንቅላትዎ ያለበትን ቦታ ጓደኛዎ በአራተኛው ጫማ ያመልክት። ይህን ሦስት ጊዜ ያድርጉና ጥሩውን ይጻፉ።
2. አሁን ከምት ጋር ይግፉ። ጓደኛዎ ጭንቅላትዎ 5 ሜትሩን ሲያልፍ ሰዓት ይጀምር፣ 10 ሜትሩን ሲያልፍ ያቁም። የምቶቹንም ብዛት ይቁጠር።
3. ከተቃራኒው ጫፍ በዝግታ ተነሥተው፣ ምልክቶቹ ጋ ሲደርሱ በሙሉ ኃይልዎ በውኃ ላይ እየዋኙ በ10 እና በ5 ሜትር ምልክቶች መካከል የወሰደብዎትን ጊዜ ይለኩ።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያነጻጽሩ። ከውኃ በታች የወሰደብዎት ጊዜ በውኃ ላይ ከወሰደብዎት ከረዘመ፣ ዛሬ ውድድር ቢኖር ከ5 ሜትር በኋላ ከውኃ በታች በቆዩ ቁጥር እየተቀደሙ ነው ማለት ነው። ብዙ ዋናተኞች ታላላቆቹ በቴሌቪዥን 15 ሜትር ሲሄዱ ስላዩ ብቻ እስከዚያ ለመድረስ ይታገላሉ፤ ሰዓቱ ግን አይዋሽም። ዓላማው 5 ሜትር ላይ የነበረውን ብልጫ ትንሽ ትንሽ እያሉ ወደ 7፣ ወደ 9፣ ወደ 12 ሜትር መግፋት ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ከ5 ሜትር በታች ከሆነ ወደ ምት አይሂዱ። ችግሩ ቅርጽ ላይ ነው፤ ደረጃ 3ን ሳይጨርሱ ሌላውን አይንኩ።

## ደረጃ 2፦ ከውኃ ውጭ አሥር ደቂቃ

የዶልፊን ኪክ ትልቁ መሣሪያ የሚታጠፍ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ የደረቀ ሰው የእግሩ ጀርባ ወደ ኋላ ስለማይመለከት ውኃውን ወደ ታች ብቻ ይገፋል። ሰሌን ወይም ፎጣ አንጥፈው ይንበርከኩ፣ የእግርዎን ጀርባ ወለሉ ላይ አስተኝተው ተረከዝዎ ላይ ቀስ ብለው ይቀመጡ። 30 ሰከንድ ይቆዩና ይነሡ፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። በእግር ጀርባ ላይ መሳብ ሊሰማዎት ይገባል። ጉልበትዎን ካመመዎት ግን ይተዉት፤ በምትኩ ወንበር ላይ ተቀምጠው በእጅዎ የእግር ጣቶችዎን ወደ ታች ይጫኑ።

ቀጥሎ ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ይቁሙ። ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻና የራስ ቅል ግድግዳውን እንዲነኩ ያድርጉ፣ እጅ በእጅ ላይ ደርበው ወደ ላይ ይዘርጉ። ወገብዎና ግድግዳው መካከል ከአንድ መዳፍ ውፍረት በላይ ክፍተት ካለ የጎድን አጥንትዎን ወደ ውስጥ ይሰብስቡ። እጅዎ ግድግዳውን ሳይነካ ከቀረ በግድ አይግፉት፤ በየቀኑ ጥቂት ሲደረግ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። በመጨረሻ ጀርባዎ ላይ ተኝተው፣ ወገብዎን ወለሉ ላይ አጣብቀው፣ እጅና እግርዎን ጥቂት ከፍ አድርገው 20 ሰከንድ ይቆዩ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ።

## ደረጃ 3፦ ቅርጹና ግፊቱ

አሰልጣኞች ስትሪምላይን የሚሉት ቅርጽ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይያዛል።

1. አንዱን መዳፍ በሌላው ጀርባ ላይ ያድርጉ፤ የላይኛው አውራ ጣት የታችኛውን እጅ ጠርዝ ይቆልፍ።
2. ክንድዎን እስኪቀና ይዘርጉ፣ ክንዶችዎ ከጆሮዎ ኋላ ይግጠሙ።
3. አገጭዎን ሳይጫኑ፣ ሳያነሱም፣ ቀጥታ የገንዳውን ወለል ይመልከቱ።
4. ሆድዎን ይሰብስቡ፣ እግሮችዎን ያጋጥሙ፣ ጣቶችዎን ወደ ኋላ ይዘርጉ።

አብዛኛው ስሕተት ሦስተኛው ላይ ነው። ሰው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይፈልጋል፤ አገጩ በሁለት ጣት ያህል ሲነሣ ክንዱ ከጆሮው ይለያል፣ ደረቱ ለውኃው ይጋለጣል፣ ዳሌውም ይሰምጣል። ጓደኛዎ ከጎን ሲቀርጽዎ መጀመሪያ የሚያየው አገጭዎን ይሁን።

ለግፊቱ በጀርባዎ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ይስመጡ፣ እግርዎን ከውኃው ወለል 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ግድግዳው ላይ ይትከሉ፣ ቅርጹን መጀመሪያ ይያዙ፣ ከዚያ ይግፉ። ገፍተው ሲያበቁ እጅ መደረብ ከጀመሩ ምርጡን ፍጥነት አባክነዋል። ጥልቀቱ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ በላይ ወደ ውኃው የላይኛው ገጽ ከቀረቡ ማዕበል እየፈጠሩ ጉልበት ያባክናሉ። በ1.20 ሜትር ውኃ ይህ ልክ መካከሉ ነው፤ ዝቅ ካሉ ጉልበትዎ ከገንዳው ወለል ጋር ይጋጫል።

ያለ ምት አሥር ጊዜ ይግፉና ርቀቱን ይመዝግቡ። ምንም ሳይመቱ አንድ ሜትር መጨመር ይቻላል፤ ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሲያዩ ነው የሚያምኑኝ።

## ደረጃ 4፦ ምቱን መገንባት

አንድ ምት ሁለት ግማሾች አሉት። በአንዱ የእግር ጀርባ ውኃውን ወደ ታችና ወደ ኋላ ይገፋል፤ በሌላው ባትና ውስጥ እግር ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋሉ። የማርማቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ናቸው። ዋናተኛው ወደ ታች ከመታ በኋላ እግሩን ጉልበቱን በማጠፍ ብቻ ይሰበስበዋል፤ በዚያ ቅጽበት ጭኑ በውኃው ፊት እንደ ሳንቃ ይቆማል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. እግሮችዎ ቀጥ ብለው ከሰውነትዎ መስመር ጥቂት ዝቅ ካሉበት ይጀምሩ።
2. ጉልበትዎን ሳያጥፉ፣ በመቀመጫና በጭን ኋላ ጡንቻ፣ ሁለቱንም እግር ተረከዝዎ ከመስመሩ ጥቂት እስኪያልፍ ወደ ላይ ያንሱ።
3. ጭንዎን ወደ ታች ያስጀምሩት። የታችኛው እግር በዚህ ጊዜ ገና ወደ ላይ እየሄደ ስለሆነ ጉልበትዎ በራሱ ይታጠፋል፤ እርስዎ አያጥፉት።
4. እንደ ጅራፍ ጫፍ፣ ጉልበትዎ ሲዘረጋ ቁርጭምጭሚትዎን ላላ አድርገው የእግርዎ ጀርባ ውኃውን ይግረፈው። አውራ ጣቶችዎ ይነካኩ፤ ጉልበቶችዎ ጥቂት ቢራራቁ ችግር የለውም።

እንቅስቃሴው ከደረት በታች በትንሹ ይጀምርና ወደ እግር ሲወርድ ይሰፋል። እጅዎ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም። በአንድ ሰፊ ቱቦ ውስጥ እየሄዱ ነው ብለው ያስቡ፤ እግርዎ የቱቦውን ግድግዳ ከመታ ምቱ ከልክ ሰፍቷል።

ይህን የሚያስተምሩ ሦስት ልምምዶች አሉ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሯቸው።

የቁም ምት። እግርዎ ወለሉን በማይነካበት ቦታ ቀጥ ብለው ይንሳፈፉ፣ እጆችዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ፣ አፍዎን ከውኃው በላይ በዶልፊን ኪክ ብቻ ይያዙ። 15 ሰከንድ ይምቱ፣ 45 ሰከንድ ይረፉ፤ ስድስት ጊዜ። ይህ ልምምድ ሐሰት አይቀበልም፤ ወደ ፊት የሚመቱት ብቻ ከበረታ ሰውነትዎ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ወደ ኋላ ከሄዱ ተረከዝዎን ወደ ኋላ መግፋት ላይ ያተኩሩ፤ ባሉበት መቆም እስኪችሉ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ገንዳው በሙሉ የሚያስቆም ከሆነ ይህን ይዝለሉና በጎን ምቱ ላይ ጊዜዎን በእጥፍ ይጨምሩ።

የጎን ምት። ግድግዳ ገፍተው በጎንዎ ይሂዱ፤ የታችኛው ክንድ ወደ ፊት ይዘርጋ፣ የላይኛው ጭንዎ ላይ ይረፍ። 10 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ ጎን እየለወጡ። በዚህ አቋም ምትዎ ወደ ሆድዎና ወደ ጀርባዎ በኩል እኩል ካልሆነ መንገድዎ ይጠማዘዛል። የሄዱበትን መስመር ጓደኛዎ ከላይ ሆኖ ይንገርዎት።

የጀርባ ምት። በጀርባዎ በስትሪምላይን፣ ከውኃው የላይኛው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብለው ይሂዱ። የውኃውን የላይኛው ገጽ ከታች ስለሚያዩት ጉልበትዎ እሱን ሰንጥቆ ሲወጣ ወዲያው ይታወቅዎታል። ጉልበት ከወጣ በጉልበት እየመቱ ነው። ውኃ አፍንጫዎ እንዳይገባ በአፍንጫዎ እያንጎራጎሩ በጣም ትንሽ አየር ይልቀቁ።

የእግር ክንፍ ካለዎት አጭሩን ይጠቀሙ፤ ከድግግሞሹም ግማሹን ብቻ። ክንፍ ስሜቱን ያስተምራል፣ ደካማ ቁርጭምጭሚትን ግን ይሸፍናል።

## ደረጃ 5፦ ምት መቼ ይጀመር፣ በምን ፍጥነት?

ግድግዳውን እንደለቀቁ ወዲያው አይምቱ። በዚያ ቅጽበት ሰውነትዎ ምትዎ ሊሰጠው ከሚችለው ፍጥነት በላይ እየሄደ ስለሆነ እግርዎን ማንቀሳቀስ ልጓም መሳብ ነው። በጣም ከቆዩም ፍጥነቱ ይሞታል። ሦስት መንገድ ይሞክሩ፤ ወዲያው፣ በልብዎ «አንድ» ብለው፣ «አንድ፣ ሁለት» ብለው። በእያንዳንዱ አራት አራት ጊዜ ሄደው ጓደኛዎ እግርዎ ከግድግዳው ከለቀቀበት እስከ 10 ሜትር ያለውን ጊዜ ይለካ። ለእርስዎ የሚስማማውን ሰዓቱ ይነግርዎታል።

ለምቱ ፍጥነት ማንኪያውን ያውጡ። አሰልጣኙ ወይም ጓደኛዎ ውኃ ውስጥ ያለውን የመሰላሉን ብረት በማንኪያ ሲመታ፣ ድምፁ በውኃ ውስጥ በግልጽ ይሰማል። መጀመሪያ በአሥር ሰከንድ 15፣ ቀጥሎ 20፣ ከዚያ 25 ጊዜ ይምታ፤ እርስዎ በእያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ምት፣ ማለትም ወደ ታችና ወደ ላይ፣ ይምቱ። በሦስቱም የ5 እስከ 10 ሜትሩን ጊዜ ያወዳድሩ። ለጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ 20ው፣ ማለትም በሰከንድ ሁለት ምት፣ ያዋጣል፤ 25 ላይ ምቱ ተኮራምቶ የላይኛው ግማሽ ከጠፋ ገና አልደረሱበትም። የምቱን ፍጥነት ለመጨመር ብለው ስፋቱን እስከ ማጥፋት አይድረሱ።

## ደረጃ 6፦ መውጫው

ብዙ የተለፋበት ፍጥነት የሚባክነው እዚህ ነው። ጭንቅላትን አንሥቶ መውጣት ደረትን ውኃው ላይ እንደ መዝጊያ ያቆመዋል።

1. የመጨረሻዎቹን ሁለት ምቶች በእጅዎ ጫፍ አቅጣጫ ጥቂት ወደ ላይ ያዘንብሉ። ዓይንዎ ወደ ታች እንዳየ ይቆይ።
2. በነጻ ቀዘፋ፣ ገና ከውኃው ወለል በታች ሳሉ ዶልፊኑን ወደ ተፈራራቂ የእግር ምት ይለውጡና በአንድ እጅ ይሳቡ፤ ጭንቅላትዎ ሲወጣ እጁ ሥራውን ጀምሮ ይገኝ። በቢራቢሮ የመጨረሻው ምትና የመጀመሪያው የእጅ መሳብ ይያያዙ።
3. በመጀመሪያው ቀዘፋ አይተንፍሱ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ከውኃ በታች ከአቅምዎ በላይ ቆይተዋል፤ አንድ ምት ይቀንሱ።

## ደረጃ 7፦ የስድስት ሳምንት ሥራ

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከልምምዱ መጀመሪያ ላይ፣ ሳይደክሙ 25 ደቂቃ ይመድቡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደረጃ 2፣ ደረጃ 3ና የቁም ምት ብቻ ይሥሩ። በሦስተኛውና በአራተኛው የጎንና የጀርባ ምት ይጨምሩ፤ ከዚያ በሆድዎ 10 ሜትር ስምንት ጊዜ፣ በየመካከሉ 45 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ እያረፉ። በአምስተኛውና በስድስተኛው በመውጫ ይጨርሱ፤ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ከወጡ በኋላ በሦስት ፈጣን ቀዘፋዎች ይቋጭ።

ከዚህ ጎን ለጎን በዕለታዊው ዋናዎ ውስጥ በየግድግዳው የተወሰነ ምት ይያዙ። በሦስት ይጀምሩ። መለኪያው በመጀመሪያው ዙር ስንት መምታት እንደሚችሉ ሳይሆን በመጨረሻው ዙር ደክመው ስንት እንደሚቀርዎት ነው። ሦስቱን ሳምንቱን ሙሉ ሳያጓድሉ ከያዙ አራት ያድርጉት። በመጀመሪያው ግድግዳ ሰባት፣ በመጨረሻው አንድ የሚመታ ዋናተኛ በውድድር ላይም የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ሳይፈልጉ ወደ ላይ የሚወጡ ከሆነ፦ አገጭዎ ተነሥቷል ወይም ገና ሲገፉ እግርዎ ግድግዳው ላይ ዝቅ ብሎ ነበር። እግርዎን ከዳሌዎ ጋር እኩል ይትከሉ። ይህ ካላረመው ወደ ታች የሚመቱት ከሌላው ይበረታል፤ ወደ ጎን ምት ይመለሱ።

ወገብዎን ካመመዎት፦ ሆድዎ ላልቶ ጀርባዎ እየተቀሰተ ነው። ለአንድ ሳምንት የምቱን ስፋት በግማሽ ይቀንሱ፣ የደረጃ 2ን የሆድ ሥራ ይጨምሩ። ሕመሙ ከውኃ ውጭም ከቀጠለ ወይም ወደ እግር ከወረደ ልምምዱን ያቁሙና ሐኪም ያነጋግሩ።

ባትዎን ወይም ውስጥ እግርዎን ክራምፕ ከያዘዎት፦ ወደ ዳር ወጥተው ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ። የሚደጋገም ከሆነ ጣትዎን አጥብቀው እየዘረጉ ነው፤ ቁርጭምጭሚትዎ እንዲላላ እንጂ እንዲወጠር አይፈለግም።

የዋና መነጽርዎ ከወለቀ፦ ግፊት ላይ አገጭዎን አንሥተዋል። ማሰሪያውን ከማጥበቅዎ በፊት ጭንቅላትዎን ያስተካክሉ።

ሰዓቱ ለሁለት ሳምንት ካልተለወጠ፦ ምት አይጨምሩ። የደረጃ 1ን ያለ ምት መንሸራተት እንደገና ይለኩ። ያ ከቀነሰ ምቱ ቅርጹን አበላሽቶታል፤ ካልቀነሰ ቪዲዮውን በዝግታ ከፍተው እግርዎ ወደ ላይ ሲነሣ ጉልበትዎ ቀጥ ማለቱን ይመልከቱ።

## የውድድር ቀን

መስመር በሌለው ገንዳ የተለማመደ ሰው በውድድር ገንዳ ውስጥ መጀመሪያ ግራ የሚጋባው በምልክቶቹ ነው። በመስመር ገመዱ ላይ ከእያንዳንዱ ግድግዳ 15 ሜትር ላይ ያለው ተንሳፋፊ ቀለሙ ይለያል፤ ለጀርባ ቀዘፋ የሚሰቀሉት ባንዲራዎች ደግሞ ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ ናቸው። በማሟሟቂያው ሰዓት ከሁለቱም ግድግዳዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ገፍተው የለመዱትን ያህል ምት ይምቱና ከ15 ሜትሩ ምልክት ምን ያህል ቀድመው እንደወጡ ይመልከቱ። በለመዱት ገንዳ ከሚወጡበት ርቀት አልፈው ከወጡ ግድግዳው ይበልጥ የሚያስገፋ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በዝላይ ሲጀምሩ ፍጥነቱ ስለሚጨምር የምቱ ቁጥር ሳይለወጥ ወደ 15 ሜትሩ ይጠጋሉ። ከምልክቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ቀድመው የሚያወጣዎትን ቁጥር መርጠው በእጅዎ ጀርባ ላይ በብዕር ይጻፉት፤ ከመጠራትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይዩት።